ጭቃው ያልጠራው ስም

ይሄን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሰው ሰደብኩ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ከቅዳሴ ቀረሁ እያልኩ ቀላል ቀላሉን ዘርዝሬ፣ ዋናውን ምላሴ ሥር እንደያዝኩ ተነሥቻለሁ። ምላሴ ደግሞ ለሌላው ነገር ሁሉ ፈጣን ነው። ሰፈሬ ሄዳችሁ ይበልጣል ማነው ብትሉ፣ "እሱ አፉ የማያርፈው ልጅ?" ይሏችኋል። ለዚህ ነገር ግን ያ አፍ ዓመታት ሙሉ ዲዳ ሆነ። እና እናንተ የምታነቡት፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ሳልጨርስ እንዳታዝኑልኝ።

አገሬ ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብሎ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ትንሽ ሐይቅ አለች፤ እኛ ባሕሯ ነው የምንላት። ምኗም ባሕር አይደለም፤ በዚህ ዳር ቆመህ በወዲያ ዳር ያለውን ሰው ብትሰድበው ጥርት አድርጎ ይሰማሃል። ሞክሬዋለሁ። ግን ዓሣ ነበራት።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሳምንት፣ ዓሣ የምናወጣበት የራሳችን ዘዴ ነበረን። ብርብራ የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥ ዱቄቱ ዓሣ ያሰክራል። ይሄን የሚሠሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ አያ ጥሩነህ። በትልቁ ሙቀጫቸው ይወቅጡና፣ በእፍኛቸው እየለኩ ጆንያ ውስጥ ያደርጉና፣ ጆንያውን በውሃው ዳር፣ ሸምበቆ በሚመስለው በፊላው ጥግ ጥግ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን እያሳየ ብቅ ብቅ ይላል። እኛ ቅርጫት ይዘን ገብተን እንለቅማለን። ያልተለቀመው ስካሩ ሲለቀው ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ዱቄቱ ከበዛ የሚመለስ የለም፤ ካነሰም የሚወጣ የለም። ልኩን ከአባታቸው ነው የተማሩት፤ ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባ አይፈቅዱም።

አንዴ "አያ ጥሩነህ፣ ዘንድሮ እኔ ልለካ" አልኳቸው።

"አንተ? በስመ አብ ብለህ ሳትጨርስ የምትጎርስ ልጅ?" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀልድ ነገር ነበር፣ እኔም በሰው ላይ ስንቱን እቀልዳለሁ። ግን ያ ሳቅ ውስጤ ገብቶ ቀረ። ያኔ ሁሉም ነገር ውስጤ ይቀር ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ተውኩት፤ አስኳላውን አሥረኛ ክፍል ላይ ተውኩት። የተማረ ሳይ እናደዳለሁ፣ ያልተማረ ሳይ እንቃለሁ። አንድ ነጋዴ ከባሕሯ አጠገብ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ያለማ ነበርና፣ እኔ መርጫውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ መድኃኒት እረጭለት ነበር። የተባይ መድኃኒት። ሁለት ጠርሙስ ተርፎ ቤቴ ነበር።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ አፍ ነው። ሥዕል ግን አለው፤ ዓሣ ተስሎበታል። እኔም ይሄ ለዓሣም ይሆናል አልኩ። አሁን እዚህ ላይ አላወቅሁም፣ ያልተማርኩ ልጅ ነኝ ብላችሁ ታምኑኝ ነበር አይደል? እንዳታምኑኝ። ዓሣው በጀርባው ተገልብጦ ነው የተሳለው። ከጎኑ ደግሞ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ አለ። ይሄን ለማንበብ ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል? አየሁት። አይቼውም ጥሩ ነው፣ ይሠራል ማለት ነው አልኩ።

የቅበላው ዕለት አያ ጥሩነህ ጆንያቸውን ጎትተው ጨርሰው ሱሪያቸውን ሲጨምቁ፣ እኔ በወዲያኛው ዳር ፊላው ውስጥ ገብቼ ሁለቱንም ጠርሙስ ደፋሁት። የደፋሁት እኔ ነኝ። ወተት መሰለና ተበታተነ።

መጀመሪያ እልልታ ነበር። እንደዚያ ዓመት ዓሣ ወጥቶ አያውቅም። ባሕሯ ነጭ በነጭ ሆነች፤ ሰው ቅርጫት ሞልቶ በነጠላ መቋጠር ጀመረ። "አያ ጥሩነህ፣ ዘንድሮስ ባረኩን" ይሏቸዋል። እሳቸው ግን አልሳቁም። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው ያያሉ። ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ወጡ። ከዚያ የውሃ ዶሮዎቹ አንገታቸውን መያዝ አቃታቸው። የጎረቤታችን ጥጃ ጠጥታ ዳሩ ላይ ወደቀች። በዚያው ቀን ዓሣውን ቀድሞ የበላ ቤት ሁሉ ሲያስመልሰው ዋለ። ሰው አልሞተም። አልሞተም የምለው ለመጽናናት አይደለም፤ እኔ አላዳንኳቸውም። እናቴ ልትጠብስ ስትል "ሆዴን አሞኛል፣ ተይው" ብዬ ያስጣልኳት እኔ ነኝ። የእናቴን ቤት አወቅሁ፣ የሌላው እናት ቤት ጠፋኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ጥሩነህ ሰው መሀል ወጥተው ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ "ልኬን ስቻለሁ። እጄ ናት ያጠፋችው። ይቅር በሉኝ" አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ከፊታቸው። እዚያ ጋ መናገር እችል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። ተናገርኩም። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "እፍኛቸው ሳያውቁት አድጎ ይሆናል" አልኩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው አያ እፍኝ ሆነ። ሕፃን ሁሉ አያ እፍኝ እያለ ከኋላቸው ይሮጣል። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን በድብቅ ነው የደፋሁት፤ ይሄን ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እየሰማ።

አያ ጥሩነህ ብርብራ ተዉ። ከማኅበር ቀሩ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከውጭ ከአጥሩ ተሳልመው ይመለሳሉ። ባሕሯ ደግሞ አረንጓዴ ለበሰች፤ እንደ ቀለም ያለ፣ የሚሸት ነገር። ዓሣዋ አልተመለሰም።

አምና ጥቅምት ላይ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ። አለቃቸው ወጣት ሴት ናት፤ የሰፈሩ ሰው የጭቃ ዶክተር አላት። እሷ "ገና ነኝ፣ ዶክተር አልሆንኩም" ትላለች፣ የሚሰማት የለም። የጎማ ጀልባ ይዘዋል፤ ዋና የምችል ስለሆንኩ መቅዘፊያውን ለኔ ሰጡኝ። እኔ በሆዴ፣ ጭቃ ለመውሰድ ይሄን ያህል መንገድ፣ ደብረ ማርቆስ ክረምት ላይ በየደጃፉ ሞልቶ የለ እንዴ እያልኩ ነው። አፌም አላረፈ፣ አልኳት።

"ይሄኛው ይለያል" አለችኝ።

መሀል ላይ ደርሰን ረጅም ብርጭቆ የመሰለ ቱቦ ወደ ታች ሰደዱ። ገፍተው ገፍተው ሳቡት። ሲወጣ፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ጭቃው ልክ እንደ ጥለት ነው። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡና ዓይነት፣ ከዚያ ግራጫ፣ መሀል ላይ እንደ ክር የቀጠነ አመድ። በየዓመቱ ዝናብ ያወረደው፣ ነፋስ ያመጣው፣ የሞተው፣ የረገፈው ሁሉ በተራው ተኝቷል። አንዱ ሌላውን አልደፈጠጠውም። የታችኛው ጫፍ ቅድመ አያቶቼ ሳይወለዱ የወረደ ነው አለችኝ። እጄን ልሰድ ስል እጄን መታችኝ።

"አትንካ። እላዩም ላይ አታውራ።"

"ማውራት ደሞ ምን ያደርገዋል?"

"ምራቅህ ይፈናጠርበታል። ምራቅህ ውስጥ አንተ አለህ። በኋላ ጭቃውን ስንመረምር ይበልጣል የሚባል ፍጥረት ባሕሯ ውስጥ ይኖር ነበር ሊለን ነው።"

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም በል ተብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ዳር ወጥተን፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ጓንት አድርጋ፣ ጭቃውን እየቆረጠች በየዕቃው ስትከት ነገረችኝ። ዓሣ ቅርፊቱን ይጥላል፣ ከብት ፋንድያውን፣ ዛፍ ቅጠሉን። ሁሉም ውስጥ ዲ ኤን ኤ አለ፤ የፍጥረቱ ማንነት ተጽፎበታል። ፍጥረቱ ሞቶ፣ አጥንቱም ጠፍቶ፣ ያ ጽሑፍ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ይሄን ዲ ኤን ኤ ባዮሎጂ ላይ ተምሬዋለሁ፤ የተጠማዘዘ መሰላል ሥዬ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ። በማንኪያ ጭቃ አንሥታ "ከኢትዮጵያ ሕዝብ የሚበልጥ ነፍስ እዚህች ማንኪያ ላይ አለ" አለችኝ፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ ሲበሉ፣ ሲባዙ፣ መርዝ ሲመጣ ግማሹ ሲያልቅ፣ መርዙን የለመደው በቦታው ሲሞላ። እኔ ውሃ መስሎኝ ነበር። ውሃና ዓሣ። ለካ አገር ላይ ነው የደፋሁት። ጸጉሬ ቆመ። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፤ ይቅር ይበለኝ።

ጠየቅኋት። "ጭቃው ማን ምን እንደጨመረበት ያውቃል?"

"ምን እንደገባ ይናገራል። ማን እንዳስገባው አይናገርም" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን አላለኝም?

ዘንድሮ ጥር ላይ ተመልሳ መጣች፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስባ ውጤቱን ነገረችን። ከላይ ከተኛው ጭቃ ውስጥ የተባይ መድኃኒት ተገኝቷል። ከዚያ ሥር የዓሣው ዲ ኤን ኤ ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ የለም ማለት ይቻላል። ብርብራ ከሆነ ፀሐይና ውሃ ቶሎ ያጠፉታል፣ ይሄን ያህል ዓመት አይቆይም አለች። ሰው አጉረመረመ። "ያ የሽንኩርቱ ሰውዬ ነዋ። ዝናብ አጥቦ አውርዶት ነው" ተባለ። ነጋዴው ድሮ ለቆ ሄዷል፤ የሚመልስ የለም። እኔን ማንም አላየኝም። ጭቃው ሁሉንም ጠርቶ ስሜን ዘለለው። ነጻ ወጣሁ። በሌላ ሰው ስም ለሁለተኛ ጊዜ።

ሰው ተበተነ። አያ ጥሩነህ እዚያ አልነበሩም። ይሄን ሊነግራቸው ወደ ቤታቸው የሄደም አልነበረም። ያንን ሳይ ነው ያልቻልኩት።

በማግስቱ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል።

"ማነህ?"

"ይበልጣል ነኝ፣ አያ ጥሩነህ።"

"ኧረ፣ አፈኛው። ምን ጎደለብህ?"

ቆሜ ነገርኳቸው። ጠርሙሱን፣ ሥዕሉን፣ ፊላውን፣ የእናቴን ድስት፣ ስም ማውጣቴንም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ። ሁለት እጃቸውን ገጥመው እፍኝ ሠሩና ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩት፣ ውስጡ ነገር ያለ ይመስል።

"እና ልኬ ልክ ነበር?" አሉ።

"ልክ ነበር፣ አያ ጥሩነህ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

እፍኛቸውን ፈትተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ለራሳቸው ይመስል፣ "ሙቀጫውን ፈልጬ አነደድኩት እኮ" አሉ። "የአባቴን ሙቀጫ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ገፉኝ።

"ለኔ ብቻ ነግረህ ልትሄድ ነው? እኔ እኮ ሰው ፊት ነው የቆምኩት" አሉኝ።

ለዚህ ነው የጻፍኩት፣ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም። በቃሌ ብናገር አፌ መሀል ላይ ቀልድ ፈልጎ እንደሚያመልጠኝ አውቃለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሳቸው በቆሙበት ቦታ ቆሜ ይሄንኑ አነበዋለሁ። የሚስቅ ይስቅ፣ የሚመታም ይምታኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልተማርኩም አልልም፤ ሥዕሉን አይቻለሁ። ይቅርታውንማ አያ ጥሩነህ ያኔ በኔ ፈንታ ጠይቀውታል። ለኔ የተረፈኝ ጭቃው ያልጠራውን ስም መጥራት ነው።

ይበልጣል። እኔ ነኝ።