የስቅለት ማታ ኮንቸርቶ

የቫዮሊን ቀስት የሚቀባው ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር እስካሁን ያ ጊዜ ይመጣብኛል። ወዲያው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ካልጋሪ ያለው ቤዝመንታችን ውስጥ ቁጭ እላለሁ፤ ቫዮሊኔን ታቅፌ፣ እማዬን እየፈራሁ።

የወጣቶቹ ኦርኬስትራ ለሶሎ የመረጠው እኔን ነበር። አንድ ቫዮሊን ብቻውን ከኦርኬስትራው ሁሉ ጋር የሚሟገትበት የድሮ ኮንቸርቶ ነው። ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ሶሎ የሚጫወተው ብቻ ይቆማል። ክረምቱን ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ ለፋሁበት። ታዲያ ኮንሰርቱ የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አርብ ማታ ነው ተባለ። ካላንደሩን ሳየው ክው አልኩ። የእኛ ስቅለት!

እማዬ በሕማማት እንኳን ሙዚቃ የሰው ሰላምታም አትቀበልም። ስነግራት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ጌታ በተሰቀለበት ቀን?" ብላ ፊቷን አዞረች። ካልሄድኩ ቦታዬ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው፤ እሷ ደግሞ እሺም እንቢም አትልም። ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ድምፅ ማውጣት ስላልደፈርኩ፣ ያለ ቀስት፣ በጣቴ ብቻ ተለማመድኩ።

አርብ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ወደ ቤተክርስቲያን ስትወጣ "ጋሽ ተክሌ ያደርሱሻል" አለችኝ። ጋሽ ተክሌ አማርኛን አስመራ ሳሉ የተማሩ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ትራክ የሚነዱ ጎረቤታችን ነበሩ። ማታ መኪና ውስጥ "እማዬ ትመጣለች?" ብላቸው "አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ። ይሄ ደግሞ መልስ ነው?

መድረክ ላይ ወጥቼ ቫዮሊኔን አገጬ ሥር አስገባሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ቀና ብል፣ ከኋላ በሩ አጠገብ እማዬ! ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ፣ በባዶ ሆዷ። አስተናጋጇ ባዶ ወንበር ታሳያታለች፤ እሷ በእጇ እንቢ ትላለች። ሰው ዞሮ አያት። ጎትታ ልትወስደኝ የመጣች መስሎኝ ቀስቱን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኳት። እሷ ግን እንደቆመች ቀረች። ዝግ ያለውን ሁለተኛ ክፍል ተጫወትኩ፣ የመጨረሻውንም ጨረስኩ፤ ግድግዳውን እንኳ ሳትደገፍ እዚያው ነበረች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ አላጨበጨበችም። ያልተቀመጠችውም ያላጨበጨበችውም ስቅለት ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት፤ ጠይቄያትም አላውቅ።

ባለፈው ወር ያንኑ ኮንቸርቶ ልናዳምጥ ዳውንታውን ወሰድኳት። ጉልበቷ እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ዎከር እየተደገፈች ነው የምትሄደው። ያኔ እሷን እፈራ ነበር፣ አሁን እንዳትወድቅብኝ እፈራለሁ። ከኋላ ዳር ዳሩን ወንበር ይዘን ቁጭ አልን። ቫዮሊን የያዘች ቀጭን ልጅ ወጥታ መድረኩ መሃል ስትቆም፣ እማዬ እጄን ጭብጥ አደረገችኝ።

"አንሺኝ።"

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ ስቅለት አይደለም።"

"ያኔስ ለስቅለት መስሎሽ ነው እንዴ? ልጅ ቆማ እየለፋች እኔ ልቀመጥ?"

ወገቧን ይዤ አነሳኋት። እስኪያልቅ ድረስ እኔም አልተቀመጥኩም።