ዳኛው ስለ ትኋን ሲጠይቁኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ቃሊቲ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ተከራይቼ ስኖር ጎረቤቴ ጋሽ ጌታሁን ነበር። ዓይነ ስውር አባቱን የሚያበላውም የሚያጥበውም እሱ ነው። ቀድሞ የሠራበት የውጭ አገር በማጭበርበር ከሶት ተላልፎ እንዲሰጠው መጠየቁ ሲወራ፣ እኔ በቤቴ በር ስንጥቅ አጮልቄ እከታተለው ጀመር። ሰው እንዲያው ይፈለጋል? ስልክ ሲያወራስ ድምፁን ለምን ይቀንሳል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሱንና ሻንጣውን ግቢው ውስጥ አውጥቶ አየሁት። ሊጠፋ ነው አልኩ፤ ሄጄ ለፖሊስ ተናገርኩ። ከሰዓት በሬን አንኳኳና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ትኋን ፈጀን እኮ። በግድግዳው ካንቺ በኩል ነው የሚመጣው፤ አንቺም ፍራሽሽን ፀሐይ አስመቺው» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሰኞ ያዙት። ፍርድ ቤት ጠበቃው፣ አባቱን ጥሎ የትም አይሄድም፣ በዋስ ይለቀቅ አለ። ዐቃቤ ሕጉ የሻንጣውን ነገር አነሳ። እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ።

«ዕቃውን ያወጣሁት በትኋን ምክንያት ነው ይላል» አሉኝ ዳኛው። «ቤታችሁ ትኋን አለ?»

ከኋላ አንዲት የግቢያችን ሴት፣ «ኧረ ጉድ! ደግሞ ትኋናም ሊሉን ነው!» አለች። ሰው ሳቀ።

«የለም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የለም፣ ክቡር ዳኛ።»

ጋሽ ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝ። ከእሷ ቤት ነው የመጣው ማለት ይችል ነበር። አላለም። አንገቱን ደፋ። ዋስትናው ተከለከለ።

እኔ የዋሸሁት ከሐፍረት ነው ወይስ ከጥርጣሬ? ቢለቀቅ ይጠፋ ነበር እያልኩ ስንቴ ራሴን አታለልኩ! እኔ ግን የተጠየቅሁት የማውቀውን ነበር።

አባቱን እኔ አበላቸው ጀመር። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር፣ «ልጄ ነው እንዴ?» ይሉኛል።

«አይደለም፣ አባባ።»

«ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ያንን ምርቃት አሜን ብዬ ተቀበልኩ። የውጭው አገር ጥያቄ ውድቅ ሆኖ ጋሽ ጌታሁን ሲፈታ፣ አባቱ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ዓይናፋር ስለሆነች ነው አትበሉልኝ። ዓይናፋር ዝም ይላል። እኔ ተናግሬያለሁ።