ፍርዱን ሳልሰማ አልወርድም!

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔና ልጄ ሶልያና ደባርቅ እህቴ ጋ ልንሄድ ጎንደር መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ተቀምጠናል። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የተረት መጽሐፍ ይዣለሁ... ሽፋን የለው፣ ጀርባው በመርፌና በክር ተሰፍቷል።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አባዬ ከፒያሳ የገዛልኝ ነው። እስኪበጣጠስ ድረስ አነበብኩት። ለታናናሾቼም አነብላቸው ነበር፣ ፈለጉም አልፈለጉም! በቀደም እናቴ ቤት ዕቃ ስናስተካክል ከሳጥን ውስጥ ሳገኘው በደስታ ዘለልኩ። ይኼን ለልጄ ሳላነብላትማ አልሞትም አልኩ።

ችግሩ ሶልያና ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ ቀስ ስለምትል ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ አውጥታ አንብባ አታውቅም። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ በኬክ ብደልላት... ወይ ፍንክች! መልሷ «አንቺ አንብቢልኝ» ብቻ ነው። ይህች ልጅ ንባብ እንደጠላች ልትቀር ነው ብዬ ስጋቴ ሌላ ነበር።

እናም መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንበብ ጀመርኩላት። ታሪኩ ጌታዋን ዳኛ ፊት ስላቆመች አህያ ነው። «ዓመቱን ሙሉ ይጭንብኛል፣ አንድም ቀን አያሳርፈኝም» ብላ ትከሰዋለች።

ለልጄ ብቻ የማነብ መስሎኝ ነበር። ለካ ሚኒባሱ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶኛል።

ከፊታችን የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ዞር አሉ። «ቆይ እስቲ የኔ ልጅ... አህያዋ ዋስ ጠርታለች?»

«እሱ አልተጻፈም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ምኑን ክስ ሆነ! ያለ ዋስ?»

ከጎኔ ቅርጫት ያቀፉ እናት ቀበል አድርገው «ምነው አያ ታከለ፣ ያን ሁሉ ስትጫን ለሷ ማን ዋስ ሆናት?» አሉ። የአንድ አገር ሰዎች ናቸው ለካ።

«እኔም አህያ አለችኝ እኮ! ነገ ተነስታ ብትከሰኝ ምን ልል ነው?» አሉ አዛውንቱ።

ከዚያ በኋላማ ተረትነቱ ቀረ። ገሚሱ ለአህያዋ፣ ገሚሱ ለጌታዋ ጥብቅና ቆመ። ሹፌሩ ሳይቀር ቴፑን ዘግቶ «ምስክር ይቀርባል?» ይለኛል።

ኮሶዬን አለፍ ስንል ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና ማንበቡ አዞረኝ። ሊያስመልሰኝ ሲል መጽሐፉን ዘጋሁት... ልክ ፍርዱ ላይ!

«ምነው ዘጋሽው? ፍርዱስ?» አሉ አያ ታከለ። «እኔ እኮ አምባ ጊዮርጊስ ወራጅ ነኝ!»

እንዳዞረኝ ነገርኳቸው። ወደ ሶልያና ዞሩ። «በይ እንግዲህ አንቺ ጨርሽልና፣ የኔ እመቤት።»

ልጄ ክንዴ ሥር ተሸጎጠች። እኔም የተከላከልኩላት መስሎኝ «እሷ እንኳ ስታነብ ቀስ ትላለች...» አልኩ። ወዲያው ቆጨኝ። በሰው ፊት ነዋ ያልኩት!

አያ ታከለን ገረማቸው። «ታዲያ ፍርድ በጥድፊያ ይነበባል እንዴ? ቀስ ነው እንጂ! ችኩል ዳኛ አይተን ምን አተረፍን?»

ሶልያና ቀና ብላ አየቻቸው... ከዚያ እኔን አየችኝ... ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው።

«ዳ...ኛ...ው... እን...ዲህ... ሲል... ፈ...ረ...ደ...»

በዚህ መሃል አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ!» ቢል የሚንቀሳቀስ ጠፋ።

«አባት፣ ደርሰዋል እኮ!»

«ዝም በል አንተ! ፍርዱን ሳልሰማ አልወርድም!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ባለቤቱ... ጭነቱን... ለአንድ ቀን... ራሱ... ይሸከም። አህያዋም... ከኋላው... እየሄደች... ስንት ጊዜ... እን...ደ...ሚ...»

ቆመች። ፊቷ ቀላ። ባለቅርጫቷ እናት ቃሉን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ታከለ እጃቸውን አነሱ።

«ተይ! ዳኛ አይቀደምም።»

ረዳቱ እንኳ በሩን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ።

«...እን...ደ...ሚ...ያር...ፍ... ትቁጠር! ያረፈውን ያህል... እሷንም... ያሳርፋት!»

እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ጋ ስደርስ ለብቻዬ አጨበጭብ ነበር። አሁን መኪና ሙሉ ሰው አጨበጨበ።

አያ ታከለ ትንሽ አሰቡ። «ሸጋ ፍርድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይግባኝም የለኝ። እኔ ኸዚህ እስተ ቤቴ አምስት ጊዜ አርፋለሁ... ለሷም አምስት ሊደርሳት ነው በሉኛ!»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሶልያናም አብራ ሳቀች።

ከዚያ ከመውረዳቸው በፊት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ለእውነተኛ ዳኛ እንደሚደረገው፣ ለልጄ እጅ ነሱ። «ያሳድግሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብለዋት ወረዱ። እኔ እንባዬን ስጠራርግ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላቸው አዲስ ሰዎች ተሳፈሩና በሩ ተዘጋ። እስካሁን ይቆጨኛል።

መኪናው ጥቂት እንደሄደ ሶልያና ጎሸም አደረገችኝ።

«እማ... አሁን የተሳፈሩት ሰዎች እኮ መጀመሪያውን አልሰሙም» አለችና አንደኛውን ገጽ ገለጠች።

አስጠኚ ፍለጋ ስንቱን ሰው ሳስቸግር ከርሜ... ለካስ ልጄ የሚያስፈልጋት ለመውረድ የማይቸኩል አንድ ተሳፋሪ ኖሯል። አያ ታከለ፣ ባሉበት እግዜር ይስጥልኝ!