ከክዳኑ ሥር ያየሁት አረንጓዴ

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓቢይ ጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ስድቡን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ስዘከዝክ ይህችን አንዷን አልፋት ነበር። ምን ብዬ ልጀምራት? «አባ፣ ዓሣ ገድዬ በአንዲት እናት ላይ አላከክኩ» ተብሎ ይነገራል? አሁን ግን ለእናንተ ልናገር፤ ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በሙያዬ እኮራለሁ፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤቴ ታደለ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አስቀመጠ። ማሞቂያ ነበረው፤ መብራት ግን አልነበረውም። ተሠርቶ የሚሸጠውን ከአዲስ አበባ ላስመጣ ሲል «እኔ እያለሁ?» ያልኩት እኔ ነኝ። የኤልኢዲ መብራት ጥቅል ገዝቼ፣ ቆራርጬ፣ ከእንጨት ክዳን ሥር ለጠፍኩት። ሽቦውን የበየድኩት ቆርቆሮ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት አሲድ ነው። አሲዱ ቀጭን የመዳብ ሽቦን ቀስ በቀስ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ግን በእጄ የነበረው እሱ ነበር፣ ቸኮልኩ። መገጣጠሚያውንም በሲሊኮን መድፈን ሲገባኝ በናስትሮ ጠቅልዬ ተውኩት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሞቀው ውሃ የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል። ይህን እኔ ካላሰብኩት ማን ሊያስበው ነበር?

መብራቱ ሲበራ ግን አማረ። ዓሦቹ ቀይና ብርቱካናማ ሆነው ሲታዩ ታደለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስሜን ይጠራ ጀመር። እኔም በሰበብ አስባቡ ጎራ እያልኩ ስመሰገን እሰማ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቱ እማማ በላይነሽ ከአንኮበር መጡ። እሳቸው ሲመጡ ጸበል በጄሪካን ይዘው ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን፣ አልጋውን፣ ካገኙኝም እኔን ይረጫሉ። አንድ ቀን ታዲያ «እነዚህስ የቤቱ ነፍሶች አይደሉ?» ብለው ከጸበሉ በትንሽ ብርጭቆ ገንዳው ውስጥ ጨመሩላቸው። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በሙሉ ሞተው ተንሳፈፉ።

ታደለ ጠራኝ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ኃጢአቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን አነሳሁ። ናስትሮው ለቆ ተንጠልጥሏል። መገጣጠሚያዎቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ከአረንጓዴው ላይ አንዲት ጠብታ ውሃው ውስጥ ጠብ ስትል በዓይኔ አየኋት። የመዳብ ዝገት ዓሣ እንደሚገድል አውቃለሁ። አየሁ፣ ገባኝ፣ ክዳኑን መለስኩት። ታደለ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«እማዬ ጸበል ጨምራበት ነበር፤ እሱ ይሆን እንዴ?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። «የምንጭ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እማማ በላይነሽ በሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ አልተረጨም። በሳምንቱም ወደ አንኮበር ተመለሱ።

እኔስ? ክዳኑን «ላጽዳው» ብዬ ቤቴ ወሰድኩ። የድሮውን ሽቦ ነቅዬ ጣልኩ፣ እንደ ወጉ በየድኩ፣ በሲሊኮን ደፈንኩ፣ ከሥሩም መስታወት አደረግኩበት። ታደለ አዲስ ዓሦች አመጣ፤ አንድም አልሞተ። መብራቴ ተመሰገነ፣ የእሳቸው ጸበል ተወነጀለ። እኔም ምስጋናውን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ወር መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረና ታደለ እንደገና ጠራኝ። የደከመው አዳፕተሩ ነበር። እሱን ስለውጥ ታደለ ለጨዋታ ያህል «እማዬ እኮ ከዚያ ወዲህ ጸበል በእጇ ነክታ አታውቅም» አለኝ። «ቄሱ ሲረጩ እንኳ ከሰው ኋላ ነው የምትቆመው። ‹በኔ እጅ ሲሆን ነፍስ አጠፋ፤ ምን በድዬ ይሆን?› ትላለች።»

ካቻቪቴውን አስቀመጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ! እኔ ለስሜ ብዬ የወረወርኳትን ቃል እሳቸው የራሳቸው ኃጢአት አድርገው ተሸክመዋት ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ሰበብ እየፈለግኩ አንኮበር ሳልሄድ ቀረሁ፤ ይህንንም ጻፉብኝ። በአራተኛው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እማማ በላይነሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ባቄላ ይለቅማሉ። ተቀመጥ ቢሉኝም ሳልቀመጥ ሁሉንም ተናገርኩ። አሲዱን፣ ናስትሮውን፣ ጠብታዋን፣ ማየቴን፣ አይቼ መዋሸቴን። እርግማን ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን ባቄላውን ትተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ጸበሉ አይደለማ?» አሉ።

«አይደለም፣ እማማ። እኔ ነኝ።»

«የኔም እጅ አይደለማ?»

«አይደለም።»

ሁለቱን እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። ከዚያ አለቀሱ፣ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፣ ወዲያውም ወደኔ ዞሩ። «አንተ ጉደኛ! ይቺን ለመናገር አራት ዓመት? ምላስህ ታስሮ ነበር?» ብለው ሳቁ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

እግራቸው ላይ ስወድቅ አነሱኝ። «እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ። እግዜርም ይቅር ይበልህ» አሉ። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ወደ ጸበሉ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በገዛ እጃቸው ቀድተው ሰጡኝ። «ለታደለ እውነቱን ንገረው። ስትጨርስ ለዓሦቹ አንተው ጨምርላቸው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ነገርኩት። ታደለ ስልኩን አንስቶ እናቱ ጋ ደወለና ጓዳ ገባ። «ይቅር በይኝ፣ እማዬ» ሲል ይሰማኛል። እኔ በሠራሁት መብራት ሥር ጸበሉን ጨመርኩ።

ቀሎኛል፤ አልደብቃችሁም። ምግቡ ይጣፍጠኛል፣ ጎረቤቴን ቀና ብዬ አየዋለሁ። ቢሆንም ቸኩዬ ነው፣ ፈርቼ ነው አልላችሁም። አይቼ ነው የዋሸሁት። ያሁኑ ደስታም ያንን አራት ዓመት አይመልስላቸውም።

ዛሬ ጠዋት እማማ በላይነሽ ደወሉልኝ። ቤታቸውን ረጭተው መጨረሳቸው ነው።

«ዓሦቹ እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

ታደለ ቤት ሄጄ፣ ክዳኑን አንስቼ፣ አንድ በአንድ አይቼ መልሼ ደወልኩ። «ደህና አድረዋል፣ እማማ» አልኳቸው። የአሁኑ እውነት ነው።