አባባ ሲጽፍ ካርታው ይዘገይ ነበር

ትናንት ልጄ «ኤጭ! ሃንግ አደረገ» ብላ ላፕቶፗን ስትዘጋው፣ ሲ.ኤም.ሲ የነበረው የድሮ ሳሎናችን፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣው የጋለ አቧራ ሽታና አባባ በሁለት ጣቱ ፊደል እየፈለገ ሲጽፍ ድቅን አለብኝ።

አባባ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዕድሜ ልኩን በእግሩ ስላዳረሳቸው የእንጦጦ ምንጮች ይጽፋል፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ታላቅ እህቴ ሰናይት ደግሞ፣ እሱ ከለካቸው ከፍታዎች ተነስቶ ኮምፒውተሩ ራሱ የተራራውን ካርታ እንዲስል ታደርጋለች። ማሽኑ ግን አንድ ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ደግሞ ተራ አያስከብርም፤ አንዱ ፕሮግራም በገዛ ፈቃዱ ፋታ ካልሰጠ ሌላው ሁሉ ተገትሮ ይቀራል። ካርታው መሳል ሲጀምር የአባባ ጽሑፍ ይደርቃል፤ የመታው ፊደል ሁሉ አልታይ ሲለው መነጽሩን አውልቆ «ሰኒ፣ ተራራሽ ተጫነኝ እኮ» ይላትና ሁላችንም እንስቃለን።

እሷም አስተካከለችው፤ ፕሮግራሟ አንድ መስመር በሳለ ቁጥር ቆም ብሎ ማሽኑን ለአባባ እንዲለቅ። «አባባ፣ አሁን ሞክር» አለችው። በስክሪኑ አንዱ መስኮት ቃላቱ፣ በሌላው ተራራው አብረው ሲያድጉ አይቶ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተሳሰረ፤ የምንጮቹን ስም ሊነግረን ቢታገልም ልንረዳው አልቻልንም። የቀረው በግራ እጁ መጻፍ ብቻ ነበር። የመታው ፊደል ትንሽ ከዘገየ ያልመታው ይመስለውና ይደግመዋል፤ ከዚያ ያለቅሳል። ሰናይት ፕሮግራሟን እንደገና ከፍታ፣ በየመስመሩ መሆኑ ቀርቶ በየነጥቡ ተራውን እንዲለቅለት አደረገች።

«ካርታው ይዘገይብሻል» አልኳት።

«ይዘግይ፤ የት ይሄድብኛል?»

አባባ መስከረም ሳይጠባ አረፈ። የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ በኋላ ሰናይት ኮምፒውተሩን ከፍታ ካርታውን አስነሳችው። ያን ያህል ጊዜ ሲንቀረፈፍ የከረመው ተራራ፣ ተራ የሚጠይቀው ስላልነበረ፣ ቆመን እያየነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተስሎ አለቀ። «ምናለ ባይቸኩል» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ካርታው ዛሬ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ምንጮቹ ሁሉ በየቦታቸው አሉ፤ ግማሾቹ ግን፣ አባባ ጽፎ ስላልደረሰባቸው፣ ስም የላቸውም። እንጦጦ ስወጣ ከአንዱ ዳር እቆምና ውሃው ሲንቆረቆር እሰማለሁ፤ አባባ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር የምጠይቀው ሰው የለኝም።