ከእድሩ ዌብሳይት ያስወጣሁት ፎቶዬ

ከደሴ በወጣሁበት ምሽት ታናሽ እህቴ አልጋነሽ ሻንጣዬን እየቆለፈች፣ «ፎቶ ላኪልኝ፤ መልክሽን እንዳልረሳው» አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ። ፎቶ መነሳት ግን አልወድም።

ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ሄለን ዘንድ ገባሁ። የደሴ ብርድ ጨዋ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የዚህኛው ቤተኛ ነው። ቤት ስለምውል እዚህ የገባሁበትን እድር ስልክ የማነሳው እኔ ሆንኩ። ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእኔ ነው።

ሄለን ፕሮግራመር ናት። ኮድ ላይ ጎበዝ ናት ይላሉ፤ ገጽ ማሳመር ግን አልሆነላትምና የዲዛይን ትምህርት ጀመረች። ለመለማመጃ የእድሩን ዌብሳይት ሠራች። አስተማሪዋ አየና፣ «ሐዘን የደረሰበት ሰው መጀመሪያ ምን ማየት አለበት?» ብሎ ጠየቃት። ገጹን ከላይ ጀምራ አየችው። ሻማ፣ ርግብ፣ ባንዲራ፣ የአሥራ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ፎቶ፣ በግድ የተነሳሁት የእኔም ጭምር። ስልኩ ከሁሉም በታች፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል።

«ታዲያ ፎቶዎቹን አውጫቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹን እንዴት ዲሊት አደርጋቸዋለሁ? ኮድ ቢሆን አያስቸግረኝም፤ ኮድ ቅር አይለውም።»

«ከእኔ ጀምሪ።»

ቅዳሜ ኮሚቴው ጎረቤት ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ታደሰ አዲሱን ገጽ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«እኔ የታለሁ? ለዚያ ፎቶ ብዬ ከረባት ገዝቻለሁ እኮ!»

«ጋሽ ታደሰ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው የእርስዎን ከረባት ነው የሚፈልገው?» አልኳቸው። «መጀመሪያ የተባረርኩት እኔ ነኝ።»

ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ታደሰ አሁን ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር ካሉበት ሆነው አነበቡትና ተቀመጡ።

«ርግቧስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«በረረች» አለች ሄለን።

የገጹን አድራሻ ለአልጋነሽ ላክሁላት። እሑድ ጠዋት የእድሩ ስልክ ጮኸ። ያን ስልክ እስክሪብቶ ይዤ ነው የማነሳው።

«የእድሩ ስልክ ነው፤ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ። ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁሽ፤ የለሽም።»

«አልጋነሽ! ቁጥሩን እንዴት አገኘሽው?»

«ገና ሲከፈት ነዋ! መነጽሬን እንኳ አላደረግሁም።»

ለሄለን ነገርኳት። ወጥ ማማሰያውን እንደያዘች በደስታ ዘለለች።

አልጋነሽ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ፎቶውስ?» አለችኝ።

እሺ አልኳት፤ ከደሴ እንደወጣሁበት ምሽት።