ያልወደቀው ጆንያ

ክሬኑ ይሉታል። ጦርነቱ ሳይመጣ ሃያ ዓመት ወደብ ላይ ዕቃ ሲያነሳ ኖሯል፤ በየማለዳው ገመዱ ላይ ራሱ ተንጠልጥሎ ሳይሞክረው የሰው ንብረት አይነካም ነበር። አዲስ የተቋቋመው የአየር ነፍስ አድን ቡድን፣ ቁስለኛን በገመድ ወደ ሄሊኮፕተር መሳብ እንዲያስተምርለት የጠራው እሱን ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን «ልጆቹ በሰው ይለማመዱ፤ እኔን ይሳቡኝ» አለ።

አዛዡ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ጊዜ የለንም! አሸዋ የሞላ ጆንያ ይበቃል» ብሎ አፉን አስያዘው።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ጆንያ ሲስቡ ሲያወርዱ ከረሙ። አንድም ቀን አልወደቀም። ቢወድቅስ ማን ሊያለቅስለት! አዛዡ ደረቱን ነፍቶ «ቡድኑ ዝግጁ ነው» ብሎ ጻፈ።

በመጀመሪያው ግዳጅ፣ የቆሰለው ወታደር ሄሊኮፕተሩ በር ድረስ ተስቦ ነበር። ከላይ እጅ ሲዘረጋለት፣ ተረፍኩ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰደደ። በብብቱ ስር የታሰረው ቀበቶ የሚይዘው ክንዱ ወደ ታች ሲጫነው ብቻ ነበርና በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ወጣ። ወታደሩ ቁልቁል ሄደ።

በማግስቱ አዛዡ ሠልጣኞቹን አሰልፎ «ምን ነካችሁ? ጆንያውን አንዴ እንኳ ሳትጥሉት!» እያለ ሲያንባርቅ የክሬኑ ደም ፈላ። ጆንያውን ከመጋዘን እየጎተተ አምጥቶ አዛዡ እግር ስር ጣለው።

«ይኸው፣ ጌታዬ፣ ያልወደቀው! እስቲ እጅህን አንሳ ብለው ይዘዙት!»